አራተኛው ካሴት

ስምንት ዓመቴ ላይ የምጠላው አንድ ሰው ነበር፤ ዲንቃ። ጥላቻዬ በማግስቱ የሚረሳ የልጅ ኩርፊያ አልነበረም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እጠላዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ተቀምጬ እጠላዋለሁ፣ ለአባቴ ምሳ ይዤ እሱ ወደሚጠብቀው የኪነት አዳራሽ ስሄድ ደግሞ በቅርበት እጠላዋለሁ። ምክንያትም ነበረኝ። ዲንቃ የወንድሜን የኩመራን ቦታ ሊቀማ ነው ብዬ አምን ነበር።

ኩመራ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እስኪዘምት ድረስ የመቱ ኪነት ቡድን ዋሽንት ነፊ እሱ ነበር። ዋሽንቱን ራሱ ነው የሠራው፤ ከሶር ወንዝ ዳር ሸምበቆ ቆርጦ፣ ቀዳዳዎቹን በጋለ ሚስማር በስቶ። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ ሚስማሩ ስቶት ወደ ታች ስለወረደ፣ በእሷ በኩል የምትወጣው ድምፅ ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ሸምበቆ ይቆርጥ ነበር። እሱ ግን "ይቺ ቅር ያላት ናት" እያለ ያሞላቅቃት ነበር። እናቴ በየነችም ያቺን ድምፅ ትወዳት ነበር። እናቴ የታወቀች የሠርግ ዘፋኝ ናት፤ ከመቱ እስከ ጎሬ ሠርግ የደገሰ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነው። በጆሮዋ ነገር ቀልድ አታውቅም። ሰው ሰላም ሲላት በድምፁ ብቻ ታሞ እንደሰነበተ ትነግረዋለች።

በ1976 ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ኩመራና የልብ ጓደኛው ዲንቃ በአንድ ቀን፣ በአንድ የጭነት መኪና ሄዱ። ኩመራ ዋሽንቱን ሸሚዙ ሥር ሸጉጦ እጁን እያውለበለበልን ሄደ። እናቴ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር እልል አለች፤ ቀበሌው እልል በሉ ብሎ ነበርና።

ዲንቃ በኅዳር 1977 ተመለሰ። ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎት በክራንች ነበር የሚሄደው። እሱ በሌለበት፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ ከአዲስ አበባ ለኪነት ቡድኑ ኦርጋን መጥቶ ነበር። ዲንቃ "ይኼ ኦርጋን አይደለም፣ ሲንተሳይዘር ነው" እያለ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም። መቱ ኦርጋን ካለችው ኦርጋን ነው። ከመዝመቱ በፊት አኮርዲዮን ይጫወት ስለነበር፣ እሱ እስኪመጣ ማንም በቅጡ ያላናገረውን ዕቃ ለእሱ ሰጡት።

ከተመለሰ በኋላ ግን አንድም ቀን ቤታችን አልመጣም። እናቴን ይህ ያንገበግባት ነበር።

"ከልጄ ጋር የሄደ ልጅ፣ ደጄን ረግጦ 'ደህና ነው' ቢለኝ ምን ነበረበት?" ትላለች።

"በእግሩ አፍሮ ነው። ተይው" ይላል አባቴ።

እኔ ኩራት ነው ብዬ ነበር። ሰው ኦርጋን ሲሰጡት ይኮራል ብዬ።

የመጀመሪያው ካሴት በታኅሣሥ መጣ። ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ያኔ ጋሼ ኑረዲን ሱቅ ነው የሚያርፈው፤ ቡና ለመጫን የሚመጡ ሾፌሮች ደብዳቤውንም ዕቃውንም እዚያ ጥለው ይሄዳሉ። ጋሼ ኑረዲን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝና ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ከግንባር ነው። ለእናትሽ" አሉ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረው አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ አወረዱ። "ይኼ ደግሞ ከኔ ነው። ቴፑ እንዳይደክምባት።"

ሮጬ ሄድኩ። ጋሼ ኑረዲን ከረሜላ እንኳን መርቀው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ግን ባዶ እጃቸውን ገብተው አያውቁም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያገናኘኋቸው ካደግኩ በኋላ ነው።

ካሴቱ ላይ ወሬ የለም። ሰላምታ የለም። ዋሽንት ብቻ። እናቴ ጆሮዋን ቴፑ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራትም። ያቺ ዝቅ የምትል ድምፅ ስትመጣ ሳቀች፤ ጮክ ብላ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ።

"ልጄ ነው! ስሚው፣ ተስፋነሽ፣ ቅር ያላትን ይዟት ነው የዘመተው!"

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፈሽ አብረውን ተቀምጠው ነበር። ድንገት ብድግ አሉና "ልብስ አስጥቻለሁ" ብለው ወጡ። ሁለተኛው ካሴት በጥር ሲመጣም ልብስ አስጥተው ነበር። ሦስተኛው በየካቲት ሲመጣም እንዲሁ። ዋሽንት የማይወዱ ሴት ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

"ለምን አይናገርም? አንድ ቃል፣ 'እማዬ' ብቻ ቢለኝ" ትላለች እናቴ።

"ወታደር በካሴት ማውራት ክልክል ነው። ምስጢር አለበት። ዋሽንቱን መፍቀዳቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው" ይላል አባቴ፣ ጫማው ላይ አቀርቅሮ።

እናቴ አመነችው። እኔም አመንኩት። ያኔ ክልክል ከነበረው ነገር ብዛት የተነሳ፣ የዋሽንቱ መፈቀድ ነበር የሚገርመው።

ያን ጊዜ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። ሁለተኛው የወረደው አያቴ ኖፓ የሚባለው አገራቸው ላይ ሞተው፣ አንድ ዘመድ ገበያ መሀል አግኝቷት "አባትሽን ቀበርናቸው" ብሎ ሲያፈርጥባት ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ በየነች አትደንግጥ። በሯን ስንዘጋ ቀስ፣ ስንጠራት ቀስ፣ ሳህን ሲወድቅ ሁላችንም እሷን ነበር የምናየው። ሐኪም ቤትም ድንጋጤ አይንካት ብለዋል። እኔ ይህን ሕግ ከማንም በላይ የማከብር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ነገራ የአዳራሹ ዘበኛ ነው። ምሳውን እኔ ነኝ የማደርስለት። በመጋቢት አንድ ቀን ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ ግቢው ውስጥ ስደርስ፣ ከአዳራሹ ውስጥ የኩመራ ዋሽንት ተሰማኝ።

ካሴት አይደለም። ካሴት ሲንሿሿ አውቀዋለሁ። ይኼ እዚያው ያለ፣ ትንፋሽ ያለው ድምፅ ነበር። ሦስተኛዋ ቀዳዳ ላይ ደረሰና ዝቅ አለ። የያዝኩትን ምሳ መሬት ላይ አስቀመጥኩት ወይስ ጣልኩት፣ አላስታውስም። "ኩመራ! ኩመራ መጣ!" እያልኩ በሩን በሁለት እጄ ገፍቼ ገባሁ።

አዳራሹ ባዶ ነበር። መድረኩ ላይ ዲንቃ ብቻውን ከኦርጋኑ ኋላ ተቀምጧል፣ ክራንቹ አጠገቡ ተጋድሟል። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ከቁልፎቹ ላይ ሲያነሳ ዋሽንቱ ዝም አለ።

የወንበሮቹን ሥር አየሁ። መጋረጃውን ገልጬ አየሁ። የእውነት ነው የምላችሁ፣ ኩመራ ሊያስደስተኝ የተደበቀ መስሎኝ ነበር።

"የታለ?" አልኩት።

"ማን?"

"ኩመራ ነዋ! አሁን ሲነፋ ሰምቼዋለሁ።"

ዲንቃ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ዓይኑ ቀልቷል። የአዳራሹ ጄኔሬተር ጭስ ነው ብዬ ነበር።

"ኮቱ፣ ነይ እስቲ" አለኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። "እኔ ነኝ። ይኸው።"

በቀኝ እጁ ቁልፎቹን ነካ፤ የወንድሜ ዋሽንት ወጣ። በግራ እጁ ከጎን ያለችውን ትንሽ ጎማ ይዟል። ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ በደረሰ ቁጥር ጎማዋን ለአመል ያህል ወደ ታች ይገፋትና ይለቃታል። ቅር ያላት ድምፅ እንዳለች ወጣች። የወንድሜን ስህተት ሳይቀር ነበር የቀዳው። 

ሌባ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ግን እግሬ አልሄድ አለኝ፤ ዕቃው ያስጎመጃል። ዲንቃም ዝም እንድል ፈልጎ መሰለኝ ያሳየኝ ጀመር።

"ዋሽንት መጀመሪያ ትንፋሽ ነው፣ ድምፅ የሚሆነው ቀጥሎ ነው። ይቺ መንሸራተቻ ድምፁ ሲጀምር እንዳይዘል ታደርገዋለች። ይቺ ደግሞ ትንፋሹን ትጨምርለታለች። ስትበዛ ነፋስ ይሆናል፤ ስታንስ ደግሞ ፉጨት።"

"ይቺስ?" ከጀርባው ያለችውን ድቡልቡል ጥቁር ነገር አሳየሁት።

"እሷ ቅኝቷ ናት። ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ወይ ዝቅ ታደርጋለች። እሷን እንዳትነኪ።"

ይህን ብሎ ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፈታው። የኩመራ ዋሽንት ነበር። ከአፉ ጀምሮ እስከ መሀሉ ተሰንጥቋል። ዲንቃ አፉ ላይ አድርጎ ነፋ፤ አብዛኛው አየር ሆኖ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ያቺን ቀጭን ድምፅ እያዳመጠ፣ ኦርጋኑ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ፣ ጥቁሯን ነገር የጥፍር ያህል አዞራት። እንደገና ነፋ። እንደገና አዞራት። ሁለቱ ድምፆች ሲጣሉ አየሩ ይርገበገባል፤ ሲታረቁ ጸጥ ይላል። እስኪታረቁ ድረስ አሥር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የሞከረው።

"የኩመራን ዋሽንት ከየት አመጣኸው?" አልኩ።

"ሰጥቶኝ ነው።"

"አንተ ነህ የሰበርከው?"

 ጠቅልሎ ወደ ኪሱ መለሰው። "ለእናትሽ እንዳትነግሪ። አደራ" አለኝ። ሌባ ሁሉ እንዲህ ይላል ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር ሁሉ ጥርጣሬዬን አጠነከረው። አንድ ቀን የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ለአባቴ "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ኩመራን የሚተካ የለም። ለሜይ ዴይ በኦርጋኑ እንሸፍነዋለን" ሲለው ሰማሁ። አባቴ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ለልጁ አለመከራከሩ አናደደኝ። ሌላ ቀን አባቴና ዲንቃ ከአዳራሹ ጀርባ ቆመው ሲያወሩ ደረስኩ።

"እኔ ከእንግዲህ አልችልም፣ ጋሼ ነገራ" ይላል ዲንቃ። "ቀን በቀን እሱን እየመሰልኩ... እንቅልፍ አጣሁ።"

"አንድ ብቻ፣ ልጄ። የመጨረሻ። እስክትወልድ አንድ ወር ነው የቀራት። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።"

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ኩመራ ከኪነት ቡድኑ ተባሯል፣ ቦታውን ዲንቃ ወስዷል፣ አባቴ ይህን ለእናቴ ለመንገር ፈርቷል። የሁለቱም ፊት የጥፋተኛ ፊት ስለነበር ሌላ ነገር አልታሰበኝም። ግንባር ላይ ስለሞተ ሰው ማውራት አሉባልታ መንዛት ተብሎ የሚያሳስርበት ጊዜ እንደነበር፣ የሞት ወረቀት ለማንም ቤት እንደማይመጣ፣ ዲንቃ ኩመራን በገዛ እጁ አፈር አልብሶት እንደመጣ ማን ይንገረኝ?

በሚያዝያ መጀመሪያ ምሳ ይዤ ስሄድ ዲንቃ ቅኝቱን ጨርሶ፣ ቴፕ ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀምጦ ነበር። አባቴ ጠራውና አብረው ሊበሉ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ መድረኩ ላይ ወጣሁ።  ያቺን ጥቁር ነገር ያዝኳትና ወደ ቀኝ አዞርኳት። በጣም አይደለም፤ በጣም ካዞርኩ ይታወቃል። ለሜይ ዴይ ሕዝብ ፊት ከሌሎቹ ጋር ሳይገጥምለት ይዋረዳል፣ "ኩመራን መልሱልን" ይባላል። ይህ ነበር ዕቅዴ። ወርጄ ሳህኔን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ከበላ በኋላ ተመልሶ እንደቀዳ፣ ለሌላ መሣሪያ መግጠም ስለሌለበት ልዩነቱን እንዳላስተዋለ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

አራተኛው ካሴት የዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ጠዋት መጣ። እናቴ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ይሄዳል፣ እግሯ አብጧል። አባቴ እሁድ ስለሆነ ቤት ነው። እትዬ ዘርፈሽም ነበሩ። እናቴ ካሴቱን ራሷ ከተተችው፤ ለማንም አትሰጥም።

ዋሽንቱ ጀመረ። እንደልማዷ ልታዜምለት አፏን ከፈተችና ዝም አለች።

"አቁመው" አለች። "ከመጀመሪያው።"

አባቴ መለሰው። ሰማች። ከዚያ አራተኛውን አውጥታ ሦስተኛውን ከተተች፣ የመጀመሪያዋን ድምፅ ይዛ በጉሮሮዋ ሳታቋርጥ እያዜመች ቶሎ ብላ አራተኛውን መለሰች። የሷ ድምፅና የዋሽንቱ ድምፅ አልተገናኙም። ቴፑ በላይ፣ እሷ በታች ሄዱ።

"ከፍ ብሏል" አለች።

"ድንጋዩ ደክሞ ነው" አለ አባቴ።

"ድንጋይ ሲደክም ድምፅ ይወርዳል እንጂ ይወጣል እንዴ?"

"ሲቀዳ ደክሞ ይሆናላ። ያኔ በአዲስ ድንጋይ ስታጫውቺው ይወጣል።"

እናቴ ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች ሦስተኛውን ሰማች፣ አራተኛውን ሰማች። "እንደዚያ ቢሆን ይፈጥን ነበር። አልፈጠነም። ምቱ ያው ነው። ሸምበቆ በራሱ አያጥርም፣ ነገራ። ሌላ ዋሽንት ሠርቶ ነው እንዳልል፣ ቅር ያላት እዚያው ናት። ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሚስማር ይስታል?"

"በየነች፣ ቁጭ በይ..."

"ከንፈሩ ቆስሎ ነው? ጥርሱን መትተውት ነው? ልጄን የሆነ ነገር አግኝቶታል!" ተነሳች። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

"ፅንሱን አስቢ፣ በየነች፣ ተይ!" አሉ እትዬ ዘርፈሽ።

እናቴ እየደነገጠች ነው። የቤታችን ሕግ እየፈረሰ ነው። አባቴና እትዬ ዘርፈሽ ደግሞ ምንም አያደርጉም፤ እርስ በርስ ብቻ ይተያያሉ። ማስቆም የምችለው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ተሰማኝ። ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ልደብቀው አልችልም። የሰማነው የኔ ሥራ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

"እማዬ፣ አይዞሽ!" አልኩ። "ኩመራ ምንም አልሆነም። ይኼ እሱ አይደለም። ጋሼ ዲንቃ ነው በኦርጋኑ እንደዚህ የሚያደርገው። ቅር ያላትንም በጎማ ነው የሚያወጣት። ከፍ ያለው እኔ ስላበላሸሁበት ነው። ዋሽንቱንም ሰርቆ ኪሱ ውስጥ ይዞታል፣ ሰንጥቆታል። ግን ግድ የለም፣ ኩመራ ሲመጣ ሌላ ይሠራል።"

 ቴፑ አሁንም ይነፋል።

እናቴ ጭንቀቷ ለቀቃት መሰለኝ፤ ትንፋሿ ቀስ አለ። ጎንበስ ብላ ዓይኔን አየችኝ።

"ዋሽንቱ ዲንቃ ጋ ነው ያለው?"

"አዎ።"

"አንቺ በዓይንሽ አይተሻል?"

"በመሐረብ ጠቅልሎታል።"

ቀና ብላ አባቴን አየችው። ምንም አልጠየቀችውም። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ቤት ውስጥ ኮፍያውን ሲያወልቅ ያን ቀን ነው ያየሁት።

እናቴ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። አባቴ ተከተላት፣ እትዬ ዘርፈሽ ተከተሉ፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ። አዳራሹ ሩቅ አይደለም። ለሜይ ዴይ ልምምድ ላይ ነበሩና ሙሉ ቡድኑ እየዘመረ ነው። እናቴ በመሀል ገብታ መድረኩ ሥር ስትቆም ከበሮው አንድ ሁለት ጊዜ መታና ቆመ። ዲንቃ አያት። ክራንቹን ፈልጎ አልያዝልህ አለው፣ በአንድ እግሩ ኦርጋኑን ተደግፎ ቆመ።

እሷ አልጮኸችም። ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው።

"ከየትኛው ጀምሮ ነው፣ ዲንቃ?"

"እትዬ በየነች..."

"አራተኛው ያንተ ነው፤ ሰምቻለሁ። ሦስተኛውስ? ሁለተኛውስ? ከየትኛው ጀምሮ ነው?"

ዲንቃ ወደ መሬት አየ። ከዚያ "ከመጀመሪያው" አለ።

"የመጀመሪያውም?"

"የመጀመሪያውም። ኩመራ የተለየን እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው።"

እናቴ ያን ካሴት ስትሰማ ሳቃ ነበር። የምታስበው ያንን ሳቋን እንደነበረ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ እጇ ሄዶ አፏን ያዘውና። ዲንቃ ከኮቱ ኪስ መሐረቡን አውጥቶ ዘረጋላት። ፈታችው። ጣቷ ስንጥቁን አልፎ ሦስተኛዋን ቀዳዳ ፈለገና አገኛት።

"ኢልመ ኮ!" አለች። ልጄ ማለት ነው። ሁለተኛው "ኢልመ ኮ" ግን ንግግር አልነበረም። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ አዳራሹ ሁሉ ውስጤ የገባ መሰለኝ። ከበሮ መቺው መሬት ላይ ተቀመጠ። አባቴ ግድግዳውን ይዞ ተንሰቀሰቀ።

እኔ መድረኩ ሥር ገባሁ። ያጠፋሁት ጥፋት ግልጽ ነበር፤ የመንግሥት ንብረት አበላሽቻለሁ። ኦርጋኑ የአብዮቱ ነው፣ የሚያበላሽ ይታሰራል፣ እናቴ የምታለቅሰው ሊወስዱን ስለሆነ ነው። ተደብቄ በጣውላው ሽንቁር አያለሁ። ጩኸቱ የተሰማው ሰፈር መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገሚሶቹ ጥቁር ለብሰው ነበር የገቡት፤ ልብሱ ቀድሞ ባይዘጋጅ ኖሮ ፈልገው ለማግኘት እንኳን ጊዜ አልነበራቸውም። ጋሼ ኑረዲን ሱቃቸውን ክፍት ጥለው መጡ። ሰው ጩኸት ሰምቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ማን ሞተ? በር ላይ ይጠየቃል፣ መንገድ ላይ ይጠየቃል።

ያን ቀን ማንም አልጠየቀም። አንድም ሰው። ገብተው ቀጥታ ወደ እናቴ ሄዱ፣ ስሙን እየጠሩ። ለአምስት ወር ሰላም ሲሉን፣ ሲስቁልን፣ ዕቃ ሲዋሱን የከረሙ ሰዎች ለቅሷቸውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ነበር የኖሩት። ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ደግሞም እንደዚያ ያለ ሰፈር ዛሬ የት ይገኛል እላለሁ፤ ሁለቱም ስሜት አለኝ፣ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም።

እናቴ ፅንሱ አልወረደባትም። እህቴ ከሃያ ቀን በኋላ በሰላም ተወለደች፤ አሁን ራሷ ሁለት ልጆች አሏት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ታሪኩን ስነግረው በዚህ ቦታ ላይ ትንፋሹን ስለሚይዝ ነው። እኔ ግን ያንን ሃያ ቀን ያለፍኩት እናቴን የገደልኳት መስሎኝ ነው።

ለቅሶው ቤታችን ደጃፍ ላይ ሸራ ተወጥሮ ተቀመጠ። ቀበሌው አላስቆመውም፤ ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን እኔ ሴቶቹ መሀል ለውዝ እየፈለፈልኩ ለትንሽ ልጅ እሰጣለሁ። አላለቀስኩም። የሚያስሩን ሰዎች እስኪመጡ እየጠበቅሁ ነበር። አንዲት ሴት አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእትዬ ዘርፈሽ "ይቺ ልጅ ምነው እንዲህ ደረቀች? ለመሆኑ ማን ነገራት?" አለቻቸው።

እትዬ ዘርፈሽ ወደ አባቴ አዩ። አባቴ ወደ ዲንቃ አየ። ዲንቃ አቀረቀረ። ያን ሁሉ ወር ሲያስጨንቃቸው የኖረው የእናቴ መርዶ ብቻ ስለነበረ፣ እኔም እህት መሆኔ ለማንም ትዝ አላለም።

እናቴ ሰምታ ነበር። ድምፅዋ ተዘግቷል። "ተስፋነሽ፣ ነይ" አለችኝ። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ሁለት እጄን ያዘች። 

"ኩመራ ሞቷል፣ ልጄ" አለችኝ። "ጦርነት ላይ ሞቷል። ከእንግዲህ አይመጣም። የተቀዳው ሁሉ እሱ አልነበረም።"

"ያቺን ጥቁር ነገር ወደ ቦታዋ ብመልሳትስ?" አልኳት።

"ብትመልሻትም።"

ዓይኗን አየሁ። ሁሉም ሰው ዋሽቶኝ ያውቃል፤ አባቴ፣ ዲንቃ፣ ጋሼ ኑረዲን። እሷ ግን ዋሽታኝ አታውቅም። ያኔ ጮህኩ። መሬት ላይ ወድቄ ተንከባለልኩ፣ ለውዙ ተበተነ፣ ማን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ነከስኩት። "ኧረ ሕፃን ናት፣ ውሰዷት፣ ታማ እንዳትሞት፣ ውሃ አምጡላት" እያሉ ሊያነሱኝ ተረባረቡ።

እናቴ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ ከለከለቻቸው።

"ተዉአት፤ ታልቅስ" አለች። "ወንድሟ ነው የሞተው።"